የቤት ኔትወርክ ብልሽት ፍለጋ (ናይሮቢ)

የቤት ኔትወርክ ብልሽት ፍለጋ የተቋረጠ ወይም የተንቀራፈፈ የኢንተርኔት ግንኙነት ችግሩ ከኮምፒውተሩ፣ ከራውተሩ፣ ከሰፈሩ መስመር ወይም ከባሕር ሥር ኬብል መሆኑን ደረጃ በደረጃ የመለየት ሥራ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የቤት ፋይበር የተስፋፋው ሲኮምና ቲምስ የተባሉት ኬብሎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሞምባሳ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ኬንያ በአብዛኛው በሳተላይት ትገናኝ ነበር።

ፍለጋው ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። በፋይበር መቀበያው ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ከቀላ ብርሃኑ በመስመሩ አልደረሰም፤ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ፋይዳ የለውም። መብራቱ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዘ፣ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። የጉግል አድራሻ የሆነው 8.8.8.8 ለፒንግ (ለግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) መልስ እየሰጠ ድረ ገጽ በስሙ አልከፈት ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው።

ቤት ውስጥ ምንም ሳይበላሽም ግንኙነት ሊዳከም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ኢሲ የተባለው የባሕር ሥር ኬብልና ሲኮም በተቆረጡ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራው የኬንያ ኢንተርኔት መለዋወጫ፣ ኪክስፕ፣ የአገር ውስጥ ትራፊክን እዚያው ስለሚያገናኝ በአገሩ ሰርቨር ላይ ያሉ ገጾች ያን ጊዜም ሊከፈቱ ይችላሉ።