ከገንደ ቆሬ የተነሣው ዜማ

እ.ኤ.አ. በ1966 ቢትልሶች ለንደን ስቱዲዮ ገብተው «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» የተባለውን ዘፈን ቀዱ። የቴፕ ክር ቆራርጠው ቀጣጠሉ፣ የህንድ ታምቡራ ጨመሩበት፣ ዘፈኑን ከሞላ ጎደል በአንድ ኮርድ ላይ አቆሙት። «ሪቮልቨር» የተሰኘው አልበማቸው መዝጊያ ሆነ፤ ዛሬም የሮክ ሙከራ ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

ድሬዳዋ የራሷን ሙከራ የጀመረችው ከዚያ አራት ዓመት ቀድማ ነው።

ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የመን አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ህንዱ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች ተጎራበተ። ዑድ የተባለው የክር መሣሪያም ከአረቡ ጋር የዚህ አገር ሰው ሆነ።

ዑድ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር የብረት መለያ የለውም። ጣት ክሩ ላይ እየተንሸራተተ በሁለት ድምፅ መካከል ያለችውን ስስ ድምፅ ሳይቀር ያገኛታል። በ1962 ድሬዳዋ ውስጥ «አፍረን ቀሎ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች በጭብጨባና በከበሮ ሲዘፈን የኖረውን የኦሮሞ ዜማ በዑድና በዘመናዊ መሣሪያ አጅበው ወደ መድረክና ወደ ሠርግ ቤት ወሰዱት። አፋን ኦሮሞ በአደባባይ ቦታ ባልነበረው በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። የድሬዳዋው የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ዓሊ መሐመድም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ተቀላቀላቸው። መጀመሪያ የተጫወተው ዘፈን ስለ «ቢራ»፣ ማለትም ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ስለሚጠራበት ወቅት ነበር፤ ሕዝቡም ዓሊ ቢራ ብሎ ጠራው።

መንግሥት ቡድኑን ለማገድ ብዙ ዓመት አልወሰደበትም። አባላቱም ተበተኑ።

ዓሊ አዲስ አበባ ገብቶ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ አባል ሆነ፤ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለንና ማሕሙድ አህመድን ያፈራው ቤት ማለት ነው። የዑዱ ልጅ እዚያ ከሳክስፎንና ከትራምፔት ጋር ተዋወቀ። በ1970ዎቹ ባስቀዳቸው ሥራዎች የድሬዳዋ እንጉርጉሮና የከተማ ባንድ ድምፅ ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ። ያ ውሕደት በአገራችን የሙዚቃ ታሪክ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። በ2013 «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የፈረንሳይ የአልበም ተከታታይ 28ኛ እትሙን ለእሱ ሥራዎች ሲሰጥ የውጭ አድማጭ አዲስ ነገር አገኘሁ አለ፤ ድሬ ግን ሃምሳ ዓመት ስትሰማው ኖራለች።

ዓሊ ቢራ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 አዳማ ላይ ዐረፈ፤ የተቀበረውም በትውልድ ከተማው በድሬዳዋ ነው። አፍረን ቀሎን በዓይናቸው ያዩ አረጋውያን ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። የከተማዋ ወጣቶች ሆይ፣ ድምፃቸውን ዛሬውኑ ቅዱ።