ተመንና ውድድር

«ውድድር» ሲባል ለብዙዎቻችን ሩጫ ነው ትዝ የሚለን። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ግን ቃሉን ገበያ አውርዶታል። የሌላውን ዕቃ በሐሰት ማጣጣል፣ ገዢን የሚያደናግር ነገር መሥራት ጥፋት ነው ብሏል። ልብ በሉ፤ ነጋዴን ከነጋዴ ነበር የሚዳኘው፤ ገዢው ከሳሽ አልነበረም።

በ1967 ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ እኛም በቀበሌ ሱቅ ለስኳር እየተሰለፍን አደግን። ማን ከማን ይወዳደር?

ራሱን የቻለ የውድድር ሕግ ያየነው በ1995፣ በአዋጅ ቁጥር 329 ነው። ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይወስኑ ከለከለ። በ2002 የተተካው አዋጅ 685 ሸማቹንም በስሙ ጠራው። ይኸው አዋጅ ግን መንግሥት የመሠረታዊ ዕቃዎችን ዋጋ እንዲተምን ይፈቅድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 2003 መጨረሻ፣ ለሥጋ፣ ለዳቦ፣ ለዘይት፣ ለስኳር ተመን ወጣ።

የሰፈሬ ባለሱቅ «ጋሼ፣ ዘይት የለም» ይለኛል፤ ዓይኑ ግን ወደ ጓዳ ያያል። ማታ ጎረቤቴ ከዚያው ሱቅ፣ ከተመኑ በላይ ከፍላ ይዛ መጣች። አልፈረድኩበትም፤ በስንት እንዳመጣው የሚያውቀው እሱ ነው። ዘይቱን የሚያስመጡት ስንት ናቸው? ዋጋውንስ ተነጋግረው ይሆን? የውድድር ሕግ ሥራው ይህን መጠየቅ ነበር፤ እኛ ግን ባለሱቁን ስናሯሩጥ ከረምን።

ተመኑ በወራት ውስጥ ከአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ ተነሳ። በ2006 አዋጅ 813 የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣንን አቋቋመ። እሱም በ2014 ታጠፈና ሥራው ወደ ንግድ ሚኒስቴሩ ተመለሰ፤ ያ ሁሉ ተመን ወደ ወጣበት ቤት።