ጭራሮ ያልገባበት መዝገብ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ መጨረሻ እንደ ተጻፈው፣ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ይቈጥር ዘንድ የጦር አለቃውን ኢዮአብን ባዘዘው ጊዜ፣ ኢዮአብ ነገሩ ባይጥመውም የንጉሥ ቃል አስገድዶት አገሩን ሁሉ ዞረና ከዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን በኋላ ኍልቍን ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በዚህ ቈጠራ ምክንያት ስለ ወረደው መቅሠፍት መምህራኑ አምልተውና አስፍተው ስለ ተረጐሙ እኔ አልደግመውም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ኢዮአብ ያቀረበው ድምር ከእስራኤል 800,000፣ ከይሁዳ 500,000 ሲሆን፣ የተቈጠሩት ሰይፍ የሚመዝዙ ጽኑዓን ወንዶች ብቻ መሆናቸው ነው። ንጉሡ ሊያውቅ የወደደው የሠራዊቱን ብዛት እንጂ የቤተ ሰዉን ኑሮ አልነበረምና ቈጣሪው የተጠየቀውን ቈጥሮ ያልተጠየቀውን ተወ።

ይህን ያነሣሁት በዘመናችን አገሮች ሁሉ የሚመዘኑበት፣ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው መስፈሪያ ከየት እንደ መጣ የመረመረ ሰው፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ወደዚሁ ወደ ዳዊት ደጅ ስለሚያደርሰው ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የአንድን አገር ገቢ በጠቅላላው ለመተመን ከሞከሩት መካከል በቀዳሚነት የሚጠራው እንግሊዛዊው ዊልያም ፔቲ ነው። እርሱ በኦክስፎርድ የአናቶሚ መምህር የነበረ ሐኪም ሲሆን፣ የእንግሊዙ የጦር መሪ ክሮምዌል አየርላንድን ድል በነሣ ጊዜ ከባለርስቶቹ የተወረሰው መሬት ለወታደሮችና ለአበዳሪዎች ይከፋፈል ዘንድ የአገሩን ምድር በሰንሰለት አስለክቶ ካርታውን ያስነሣ ሰው ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የደቡቡ መሬት በቃላድ እየተለካ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ለግብር መመደቡንና ከዚሁም መሬት ለወታደሩ መሰጠቱን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ ሰንሰለቱም ቃላዱም የመሬቱን ስፋት እንጂ በላዩ የሚያርሰው ጭሰኛ ጠግቦ ማደሩን አይለኩም። ፔቲ በ1665 ገደማ፣ እንግሊዝ ከሆላንድ ጋር ስትዋጋ፣ የጦርነቱ ወጪ በባለርስቶች ላይ ብቻ መውደቁ ትክክል አይደለም ሲል የእንግሊዝንና የዌልስን ዓመታዊ ገቢ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ገመተ፤ ከዚህም 25 ሚሊዮኑ ከሰው ድካም የሚገኝ ነው አለ። የሠራተኛው ድካም በአገር ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በክብር የገባው፣ እንግዲህ፣ ግብር እንዲከፍል ታስቦ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘመን አልፌ ወደ ሲሞን ኩዝኔትስ ልሻገር። ፒንስክ በምትባል ከተማ በ1901 የተወለደው ይህ አይሁዳዊ ሊቅ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመንም የአሜሪካ ሴኔት የአገሪቱ ገቢ ምን ያህል እንደ ወረደ ይነገረው ዘንድ በጠየቀ ጊዜ ሥራው በእርሱ ላይ ወደቀ። ጥናቱ በ1934 መጀመሪያ ላይ ለሴኔቱ ሲቀርብ የአገሪቱ ገቢ ከ1929 እስከ 1932 ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ያህል መቀነሱን ገለጠ። የሚደንቀው ግን ይህ አይደለም። መስፈሪያውን በእጁ የሠራው ይኸው ሰው በዚያው ጽሑፍ ውስጥ፣ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከእንዲህ ያለ የገቢ ድምር ሊታወቅ እንደማይችል፣ ገቢው ለማን እንደ ተከፋፈለም ሆነ የተገኘበት የድካም ብዛትና ምሬት በቍጥሩ ውስጥ እንደማይታይ፣ የቤት እመቤቶች ሥራም ከሒሳቡ ውጭ እንደ ቀረ አስጠንቅቆ ነበር። ቁናውን ሰፍቶ የሸጠው ሰው «ይህ ለማር አይሆንም» እያለ ሲያስጠነቅቅ ገዥው ሳይሰማ ተሸክሞት ሄደ እንደ ማለት ነው።

የሄደውም ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬንስ በ1940 የጦርነቱ ወጪ እንዴት እንደሚከፈል ለእንግሊዝ መንግሥት ሲመክር፣ በተከታዩም ዓመት ሪቻርድ ስቶንና ጄምስ ሚድ የአገሪቱን የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጁ፣ ጥያቄው ከሕዝቡ ፍጆታ ተርፎ ለመድፍና ለአውሮፕላን የሚውለው ስንት ነው የሚል ነበር። ኩዝኔትስ የጦር መሣሪያ ወጪ የሕዝብን ኑሮ የሚያሻሽል ሀብት ተደርጎ መቈጠሩን አጥብቆ ቢቃወምም የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የመንግሥትን ወጪ ሁሉ በምርትነት አስገባ። ኩዝኔትስ ራሱም፣ የሰው ነገር እንዲህ ነውና፣ በጦርነቱ ጊዜ በጦር ምርት ቦርድ ተቀምጦ አሜሪካ ምን ያህል መሣሪያ ልትሠራ እንደምትችል በዚሁ ሒሳብ ያሰላ ነበር። ሰይፍ የሚመዝዘው እንደ ገና ተቈጠረ።

በዚያው ዘመን፣ የስቶንና የሚድን ሠንጠረዥ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ላይ እንድትሞክር የተመደበች ፊሊስ ዲን የምትባል ወጣት የምጣኔ ሀብት አጥኚ ነበረች። መጀመሪያ ለንደን ሆና ከመዛግብት ሠራች፤ ከዚያም ዛሬ ዛምቢያና ማላዊ ወደሚባሉት አገሮች ሄዳ በየመንደሩ ስትዘዋወር ሠንጠረዡና ኑሮው አልገጠሙላትም። ሴቲቱ ከሌሊት ተነሥታ ውሃ ትቀዳለች፣ ጭራሮ ትለቅማለች፣ እህል ትወቅጣለች፣ ታበስላለች፤ ከዚህ ሁሉ አንዱም በገበያ ስለማይሸጥ በለንደኑ ሒሳብ ዋጋው ባዶ ነው። ዲን ይህን ሥራ መተው ምክንያት የሌለው አድልዎ ነው፣ እንጨት ለቀማውና ምግብ ማብሰሉም መቈጠር አለበት ብላ ተከራከረች። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት በ1953 ለዓለም ሁሉ አንድ የሒሳብ ሥርዓት ሲያወጣ በሰብሳቢነት የመራው ስቶን ነበር፤ የቤት እመቤቷም ሥራ ከደጅ ቀረ።

ፒጉ የተባለው የካምብሪጅ ሊቅ፣ አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ ሥራዋ ሳይጓደል የአገሩ ገቢ በደመወዟ ልክ ይቀንሳል ሲል ይህን ጉድለት አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። እኛ ደግሞ ተገላቢጦሹን ዕለት ዕለት እናያለን፤ በወሎ ወይም በጅማ ለእናቷ ቤት ስታበስልና ሕፃን ስታዝል በየትኛውም ድምር ያልነበረችው ልጅ፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሄዳ ያንኑ ሥራ በሰው ቤት ስትሠራ በማግሥቱ የሌላ አገር ምርት ሆና ትቈጠራለች።

ከመስፈሪያው ጋር በግልጥ የተሟገተው ፓኪስታናዊው ማሕቡብ ኡል ሐቅ ነው። ሐቅ በ1960ዎቹ የአገሩ የፕላን ኮሚሽን ዋና ኢኮኖሚስት ሳለ ምርቱ በየዓመቱ ሲያድግ እያየ ደስ ይለው ነበር፤ በ1968 ግን የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ሀብት አብዛኛው በ22 ቤተ ሰቦች እጅ መግባቱን በአደባባይ ተናገረ። ይህ የገዛ ሥራውን የመክሰስ ድፍረት፣ በእኔ አስተያየት፣ በኋላ ከሠራው ሁሉ ይበልጣል። በ1990 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሆኖ የመጀመሪያውን የሰብአዊ ልማት ሪፖርት ሲያወጣ፣ የካምብሪጅ የትምህርት ቤት ጓደኛው አማርትያ ሴን የሰው ሕይወት በአንድ ቍጥር መጠቅለሉን ባይወድም፣ ሐቅ፣ ሻካራም ቢሆን፣ ከምርቱ ቍጥር ጋር ተፎካክሮ የዐዋቂዎችን ዓይን የሚስብ አንድ ቍጥር ያስፈልጋል ብሎ አሳመነው። ቍጥሩም ዕድሜን፣ ማንበብና መጻፍን፣ ገቢንም አንድ ላይ ያዘ። በዚያ ሪፖርት የነፍስ ወከፍ ገቢዋ 400 ዶላር የነበረው ስሪላንካ ሕዝቧ በአማካይ 71 ዓመት ሲኖር፣ ከመቶ 87ቱ አዋቂዎችም ማንበብ ሲችሉ፣ 6,200 ዶላር ገቢ የነበራት ሳዑዲ ዓረቢያ በ64 ዓመትና በ55 ከመቶ ከበታቿ ታየች።

ጭራሮውስ? የተባበሩት መንግሥታት የሒሳቡን ሥርዓት በ1993 ሲያድስ ማገዶ መልቀምና ውሃ መቅዳት በምርትነት እንዲመዘገቡ ፈቀደ፤ ዲን ከተከራከረች ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገር ግን ወሰኑ የተሠመረው ምድጃው አጠገብ ነው። ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ አዝላ፣ ግንባሯ ወደ መሬት ተደፍቶ ቍልቍለቱን የምትወርደው እናት እንጨቱን ከቤቷ ደጅ እስክታወርድ ድረስ በመዝገቡ ውስጥ ናት፤ እሳቱን አንድዳ ምጣዱን የጣደች እንደ ሆነ ትወጣለች።