ሁለት ጊዜ የሚረገጥ ፍሪሲዮን

የከባድ መኪና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በሞተሩ ጉልበት ነው። የሰውን ጠባይ የሚያወጣው ግን ካምቢዮው ነው፤ የሹፌሩ እጅና እግር ከብረቱ ጋር የሚነጋገሩት በእርሱ ነውና። ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ከጣልያንኛ የወረስን እኛ፣ መኪና ድንበር ሲሻገር ቋንቋ ይዞ እንደሚሻገር እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. በ1973 መባቻ ብሪታንያ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት የሳንድባቹ ኢ.አር.ኤፍ ፋብሪካ «ዩሮፒያን» የተሰኘውን ከባድ መኪና ለአህጉሩ ገበያ አቀረበ። በአገር ቤት የክብደቱ ጣሪያ 32 ቶን ነበር፤ ብዙዎቹ መኪኖች ዝግ ያለ የጋርድነር ሞተርና የዴቪድ ብራውን ካምቢዮ ይበቃቸው ነበር፤ ጎረቤቱ ፎደንም ራሱ የሠራውን ባለ 12 ማርሽ ይገጥም ነበር። ለረጅሙ የአህጉር ጎዳና ግን ባለ 335 የፈረስ ጉልበት ካሚንስ ተመረጠ፤ ከእርሱም ጋር አሜሪካዊው ፉለር ካምቢዮ፣ በ9 ወይም በ13 ማርሽ።

የፉለር ብልሃት መንትያ አጋዥ ዘንጎቹ ናቸው። ሸክሙ ለሁለት ስለሚከፈል ጥርሶቹ ቀጭን ሆነውም ይጸናሉ። በባለ 9ኙ ላይ አንድ እጅግ ዝግተኛ ማርሽና 4 መደበኛ ማርሾች አሉ፤ ሹፌሩ ቁልፍ ሲቀይር እነዚያው 4 ቦታዎች ለፈጣኑ ጉዞ ዳግመኛ ያገለግላሉ። በባለ 13ቱ ደግሞ የላይኞቹ 4 እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈላሉ።

ነገር ግን ዋናዎቹ ማርሾች ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ሲንክሮናይዘር የላቸውም። አስማሚው ሹፌሩ ራሱ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ያወጣል፤ ለቅቆ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ቁልቁል የሚቀይር ከሆነ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ዳግመኛ ረግጦ ያስገባል። ጆሮው የሳተ እንደሆነ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። በአንጻሩ ከ1967 ጀምሮ ወደ ብሪታንያ የገባው የስዊድኑ ቮልቮ ኤፍ88 ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮው ሲንክሮናይዘር ነበረው፤ ለእጅም ለጆሮም ገር ነበር። ብሪታንያውያን ለአህጉሩ ያቀረቡት መኪና፣ ጽኑ ቢሆንም፣ የለስላሳውን ካምቢዮ ምቾት የለመደ ሹፌር እንደገና እንዲማር የሚጠይቅ ነበር።

«ዩሮፒያን» ብዙ አልተሸጠም። የስዊድንና የጀርመን ተፎካካሪዎች ጥገናና መለዋወጫ በየአገሩ ቀድመው ዘርግተው ነበር፤ በ1973 መጨረሻም የነዳጅ ቀውስ ደረሰ። ኢ.አር.ኤፍ በ2000 በጀርመኑ ኤም.ኤ.ኤን እጅ ገባ፤ በ2007 ስሙም ከገበያ ጠፋ።

ካምቢዮው ያነሣው ጥያቄ ግን አብሮት አልተቀበረም። ያው ቮልቮ በ2001 አይሺፍት የተባለውን በኮምፒዩተር የሚመራ ካምቢዮ ሲያወጣ፣ ከዋናዎቹ ማርሾች ላይ ሲንክሮናይዘሩን አስቀረው፤ ፍጥነቱን የሚያስማማው ኮምፒዩተሩ ሆነና። የሳንድባች ሠሪዎች ከሹፌር ጆሮ የጠበቁትን ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት ይፈጽመዋል። ብረቱ እንደ ጥንቱ ነው፤ የተለወጠው አድማጩ ነው።