የመሳለሚያ የእህል ንግድና የግብዓትና የውጤት ሠንጠረዥ

የአንድ አገር የሥራ ዘርፎች እርስ በርሳቸው የሚገዙትንና የሚሸጡትን በአንድ ሠንጠረዥ የማስፈር ዘዴን ያስፋፋው ከሩሲያ የመጣው አሜሪካዊ ሊቅ ዋሲሊ ሊዮንቲዬፍ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1936 አሳተመ፤ በ1973ም የኖቤልን ሽልማት አገኘ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችንም የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ይህን የመሰለ ሰፊ ሠንጠረዥ ለ2005/06 አዘጋጅቷል።

ነገር ግን ለአንድ ከተማ ብቻ ሠንጠረዥ ለመሥራት ከነጋዴው ሁሉ ደጅ እየሄዱ መጠየቅ ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የአገሩን ሠንጠረዥ በሒሳብ አስተካክለው ለከተማው ያውሉታል። ለምሳሌ በአገሩ ከ100 ሠራተኞች 10ሩ፣ በከተማው ግን 20ው ነጋዴዎች ናቸው ብንል ድርሻው 2 ይሆናል። ከ1 በላይ ከሆነ ከተማው በዚያ ሥራ ራሱን ችሎ ለሌላው ይተርፋል፤ ከ1 በታች ከሆነ የጎደለውን ከውጭ ይገዛል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ ዘዴ ለመሳለሚያ ይበቃልን? ዘዴው የከተማው ነጋዴ ሥራውን የሚያካሂደው እንደ አገሩ ነጋዴ ነው ብሎ ይነሣል። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ1996 ነጋዴዎችን ጠይቀው በ2001 ባሳተሙት ጥናት ግን የአዲስ አበባ የእህል ገበያ ትርፍ ያለውን አገር ከጎደለው አገር የሚያገናኝ ማዕከል መሆኑን አሳይተዋል። ሩቅ ያሉትን ሻጭና ገዢ የሚያገናኘው ደላላው ነው። ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የጭነት መኪናው በአገር አቀፍ አማካይ ውስጥ ተውጠው ይቀራሉ። እህሉ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚያልፍም ድርሻው አይናገርም።

ከዚህም በላይ ሠንጠረዡ የግዢና የሽያጩ ልክ ቶሎ አይለወጥም ብሎ ያምናል። የገበያው ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወሩት። በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ በዚያም ዘመን ገበሬው በኮታ ለመንግሥት እንዲሸጥ ተገደደ፣ የግሉም ነጋዴ እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያጓጉዝ በየኬላው ይታገድ ወይም ይገደብ ነበር። በመጋቢት 1990 እገዳው ተነሣ። ልኩን የለወጠው የሥራ ጥበብ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። እንግዲህ በ1980ዎቹ ዓመታት የተሠራ ስሌት ከ1990 በኋላ ላለው መሳለሚያ መስፈሪያ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ምክንያት ሒሳቡን አንንቅም፤ ገንዘብ ለሌለው አገር ይጠቅማልና። ነገር ግን ሠንጠረዡ በተሠራበት ዓመት ገበያው በምን ሕግ ይተዳደር እንደ ነበር አስቀድመን እንድንመረምር፣ ጥቂት አዋቂ ደላሎችንም እንድንጠይቅ ይገባል። ይህ ካልተደረገ፣ ገበያውን ላንሣ ወይም መንገዱን ልለውጥ የሚል ባለሥልጣን በወረቀቱ ላይ የጫኝና አውራጁን እንጀራ አያየውም።