ጠመንጃው ሲቆጠር ቀለሃው ተረሳ

ስለ አድዋ በተጻፈ ቁጥር ጠመንጃ ይቆጠራል። 80,000 ነበር፣ የለም 100,000 ነበር እየተባለ በየስብሰባው እንከራከራለን። ጠመንጃው የጎረሰው ጥይት ከየት መጣ? ሲያልቅስ በምን ይተካ ነበር? የሚሉት ጥያቄዎች ግን እምብዛም አይነሱም። እኔ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ሙያዬ የማሽን ጥገና ነው፤ በዚያ በኩል የታየኝን ለአንባብያን ላካፍል እወዳለሁ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ የፈረንጅ ነው።)

በምኖርበት አሜሪካ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የተኮሱትን ቀለሃ አይጥሉም። ለቅመው ወደ ቤታቸው ይወስዱና በእጅ መጭመቂያ መልሰው ይሞሉታል። ልማዱ የቆየ ነው። በ1870ዎቹ በምዕራቡ ሜዳ ጎሽ የሚያድኑ ሰዎች ባሩድና እርሳስ ይዘው በሰፈሩበት ይሞሉ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥይት ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ፍሬድ ሃንቲንግተን የተባለ የካሊፎርኒያ ሰው በ1943 ከተተኮሱ ትናንሽ ቀለሃዎች የዐረር ልባስ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ፤ አር.ሲ.ቢ.ኤስ. የሚባለው ስመ ጥር ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው።

አንድ ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ እንዲህ ያለ መጭመቂያ አላቸው፤ ሲያስቸግራቸው እኔን ይጠሩኛል። የብልሽቱ ዓይነት ብዙ አይደለም። ቀለሃው ዘይት ሳይነካው ከገባ በማቅረጫው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ከተተኮሰው ጥይት የሚረግፈው ጥላሸት በዘንጉ ላይ ከተጠራቀመ ብረቱን እንደ አሸዋ ይሞርደዋል፤ ስለዚህ ጠርጎ በስሱ ዘይት መቀባት ነው። ብሎኑ ከላላ ደግሞ ጥይቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር እየሆነ ይወጣል። ከሁሉ የሚደጋገመው ግን የመርፌዋ መሰበር ነው። ወደ ታሪክ የመራችኝም ይህችው መርፌ ናት።

በጥይት መቀመጫ መሐል እሳት የምትለኩስ ትንሽ ቆብ አለች። የጠመንጃው ሹል ሲመታት የምትፈነዳው ከሥሯ መስፍ ስላለ ነው፤ በቀጥቃጭ መዶሻና መስፍ መካከል እንደገባ ብረት ማለት ነው። መስፉ የት ይሁን በሚለው ላይ ዓለም በሁለት ተከፈለ። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቦክሰር ከቆቧ ጋር አደረገው። ቀለሃው መሐል ለመሐል አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው የተተኮሰችውን ቆብ በመርፌ ገፍቶ ማውጣት ቀላል ነው። አሜሪካዊው ሂራም በርዳን መስፉን ከራሱ ከቀለሃው ጋር አንድ አካል አደረገው፤ እሳቱ የሚያልፈው ከጎኑ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ሁለቱም የ1866 ፈጠራዎች ናቸው። የሚገርመው፣ የእንግሊዛዊው ዘዴ የአሜሪካ ገበያ ልማድ ሲሆን የአሜሪካዊው በብዙ የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ዘንድ ተስፋፋ። የበርዳን ቀለሃ ለቦክሰር በተሠራ መጭመቂያ ከገባ መርፌዋ መስፉን መትታ ትሰበራለች። መድኃኒቱ ቀለሃውን በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ እያዩ አስቀድሞ መለየትና መለዋወጫ መርፌ በመሳቢያ ማኖር ነው።

የቦክሰር ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የዓፄ ቴዎድሮስን ጦር የፈጀው እኛ «ሰናድር» ያልነው የእንግሊዞች ጠመንጃ ሲሆን፣ የጎረሰውም የቦክሰርን ጥይት ነበር። ንጉሡ በጋፋት ሴባስቶፖልን የሚያህል መድፍ አሠርተዋል። የዘመኑ ሚዛን ግን ወደዚያች ትንሽ ቆብ አጋድሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የመጡት ነገሥታት ትምህርቱን አልዘነጉትም። ዓፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ሬሚንግተን ማረኩ። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ሌቤል ስትታጠቅ፣ የተወችው ግራስ «ውጅግራ» ተብሎ በቀይ ባሕር በኩል አገራችን ገባ። ጥይቱም በገበያ መመንዘሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ይህ ብዙ ጊዜ ለጨዋታ ያህል ይነገራል፤ ነገር ግን ልብ በሉ። ማርያ ቴሬዛው ብር ከኦስትሪያ፣ ጥይቱ ከአውሮፓ ፋብሪካ የመጡ ናቸው። ከሦስቱ መገበያያዎች ከገዛ መሬታችን የወጣው አሞሌው ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የሰናድር ጥይት ለውጅግራ፣ የውጅግራው ለምንሽር አይሆንም። ጥይት ያለቀበት ወታደር ከጎኑ ካለው ጓደኛው መበደር እንኳ አይችልም።

አድዋ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመው ጥይት ለወሳኙ ቀን በቃ። በ1935 ግን ብሪታንያና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያም ለጣልያንም መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ፍርዱ እኩል ይመስላል። ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ስለነበራት ዱላው ያረፈው በእኛ ላይ ነው። በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት አርበኞች ጥይት ከጠላት እየማረኩ ተዋጉ። የተማረከ ጥይት ደግሞ ለተማረከ ጠመንጃ እንጂ ለአያት ውጅግራ አይሆንም።

«የጓዳ መጭመቂያ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያቆም ነበር ወይ?» የሚል አይጠፋም። አያቆምም። እንዲያውም ጎረቤቴም ቢሆኑ ቀለሃውን በእጃቸው ይሙሉት እንጂ ቆቧን ከሱቅ ነው የሚገዙት፤ ጓዳ ውስጥ የምትሠራ አይደለችም። የእኔም ነጥብ ይኸው ነው። ጥገኝነት የሚደበቀው በትልቁ ዕቃ ውስጥ አይደለም፤ በትንሿ መለዋወጫ ውስጥ ነው። ጠመንጃ ሊማረክ፣ ሊገዛ፣ በስጦታም ሊገኝ ይችላል። የሚበላውን በየዕለቱ የሚያቀርብለት ሌላ ከሆነ ግን ባለቤትነቱ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። ዛሬ በልመናና በብድር ስለሚገቡት ትራክተሮችና የሆስፒታል መሣሪያዎች ስናወራም ይኸው ጥያቄ ይከተለናል።

ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎቻችንን አንድ ነገር እማጸናለሁ። ጥይቱን በግምጃ ቤት ያኖሩትን፣ በበቅሎ ያጓጓዙትን፣ የተሰበረ ጠመንጃ ያበጁትን ቀጥቃጮች ጭምር ጻፉልን። እኛም የአርበኞችን ልጆች «አባትዎ ምን ጠመንጃ ነበራቸው?» ብቻ ሳይሆን «ጥይቱንስ ከየት ያገኙ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። የሚያስታውሱት እየቀነሱ ነውና፣ ሳይረፍድ።