ቋሚ አክስለሬሽን

የአንድ አካል ፍጥነት በእኩል ጊዜ በእኩል መጠን የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት እንቅስቃሴ። ስሌቱ መነሻ ፍጥነትን፣ መጨረሻ ፍጥነትን፣ ጊዜን፣ ርቀትንና አክስለሬሽንን ያገናኛል፤ ሦስቱ ከታወቁ የቀሩት ሁለቱ ይገኛሉ።

ከመተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ጭኖ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀና መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ከብት መንገድ ገባ እንበል። መጀመሪያ 72ን ለ3.6 ማካፈል ነው፤ በሰከንድ 20 ሜትር። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህችን ነው። ፍሬኑ በየሰከንዱ 4 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስለት በ5 ሰከንድ ይቆማል። ፍጥነቱ ወጥ ሆኖ ስለሚቀንስ አማካዩ 10 ነው፤ ርቀቱም 50 ሜትር። በ36 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ግን 12.5 ሜትር ብቻ ይበቃዋል፤ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ርቀቱ ሩብ ይሆናልና። ሾፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ በ72 ላይ ሌላ 20 ሜትር ይጨምራል።